ከቅጹ የጠፉት ሁለት ረድፎች

«ሰው መብራት እየገባለት፣ የነጭ ጋዝ ፍጆታ እንዴት ይጨምራል?»

ጥያቄውን ያነሳችው ከቡድኑ በዕድሜ የምታንሰው ልጅ ናት። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2024 መገባደጃ ነው። በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት አገሮች ልቀታቸውንና የአየር ንብረት ሥራቸውን የሚያሳዩበትን የመጀመሪያውን የሁለት ዓመት የግልጽነት ሪፖርት ማስገባት ያለባቸው እስከ ዲሴምበር 31 ነበር። እኔ ደግሞ የአንዲት ታዳጊ አገር ቡድን የኃይል ዘርፉን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት እንዲቆጥር አግዝ ነበር። አገሪቱ በጣም ካላደጉት ወገን ስለሆነች ቀነ ገደቡ አያስገድዳትም፤ ሲመቻት ማስገባት ትችላለች። ልጆቹ ግን በቀኑ ካልሆነ አሉ። ማታ ማታ ጥበቃው መጥቶ «ልዘጋ ነው» እስኪላቸው ይሠሩ ነበር።

ወደ ልጅቷ ኮምፒውተር ጠጋ አልኩ። የቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ መስመር በ2020 ዝቅ ብሎ ይጀምራል። በ2021 ከፍ ይላል። በ2022 ሽቅብ ይወጣል። በእነዚያው ዓመታት ግን የኤሌክትሪክ መስመር ብዙ አዳዲስ መንደሮች ደርሷል። አይገጥምም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ስሌቱን ነው። እሱን ፈትሾ መጨረስ ጊዜ አይወስድም፤ የነዳጁ መጠን፣ ሲባዛ የሙቀት ይዘቱ፣ ሲባዛ የልቀት መጠኑ። ትክክል ነው። ሶፍትዌሩም ምንም ስህተት አላሳየም። ከአገሪቱ ጠቅላላ የነዳጅ አቅርቦት ተነስተን ከላይ ወደ ታች የምንሠራው ማመሳከሪያ ስሌትም ዝም አለ። እሱንም የሞላነው ነዳጅ አከፋፋዮች ሞልተው ከሚልኩልን ከዚያው ከአንዱ ቅጽ ስለነበር ዝም ቢል አይገርምም።

በማግስቱ ከልጅቷ ጋር ነዳጅ ማከፋፈያ ዴፖው ሄድን። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚያ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ መዝጋቢ አሉ። ግራፉን በወረቀት አትመን ወስደን ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ብዙም አልቆዩ።

«ይሄማ በረራ ነው» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በ2020 አውሮፕላን ቆመ። በወረርሽኙ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ይኸው እኮ ነው፤ የእናንተ መስመር የአውሮፕላን ነዳጅ ነው እንጂ የኩራዝ አይደለም።»

ከመደርደሪያው ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ አወረዱ። እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀን፣ የቦቴው ቁጥር፣ የሊትሩ መጠን፣ መድረሻ። አንዳንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፣ አንዳንዱ በቀይ። ሰማያዊው አገር ውስጥ የሚበር አውሮፕላን የተሞላው ነው። ቀዩ ድንበር የሚሻገር። «የራሳችን አየር መንገድ ቢሆንም፣ ውጭ አገር ካረፈ ቀይ ነው» አሉ። ለቤት የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ መዝገብ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። አይፒሲሲ በሚባለው የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንሳዊ ጉባኤ የ2006 የልቀት ቆጠራ መመሪያ አንድ በረራ የአገር ውስጥ ወይም ዓለም አቀፍ የሚባለው በአውሮፕላኑ ባለቤት አይደለም፤ በተነሳበትና ባረፈበት ቦታ ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ የተሞላ ነዳጅ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ በአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት ውስጥ አይደመርም። ሰውየው መመሪያውን አይተውት አያውቁም። ግን ልክ እንደ መመሪያው ለዓመታት ሲለዩት ኖረዋል። ስህተቱን ስሌቱ ለምን እንዳልያዘውም እዚያው ገባኝ። አንድ ቶን ነጭ ጋዝ ሲቃጠል 3.15 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ቶን የአውሮፕላን ነዳጅም እንዲሁ፤ ሁለቱም የኬሮሲን ዓይነት ናቸው። ስሙን ብታሳስተው ውጤቱ ያው ነው። ልዩነቱ ቁጥሩ የት ይቀመጣል የሚለው ላይ ብቻ ነው። በእኛ ፋይል የዓለም ሁሉ መንገደኛ የተጓዘበት ነዳጅ የገጠር ኩራዝ ላይ ተደምሯል።

ልጅቷ በትሕትና «ታዲያ ቅጹ ላይ ለምን ለይተው አልሞሉትም?» አለቻቸው።

«ቅጹ ኬሮሲን የሚል አንድ ረድፍ ነው ያለው። መጀመሪያው ዓመት ላይ ለይቼ በሌላ ወረቀት አያይዤ ልኬ ነበር። ተመለሰ።»

ወረቀቱን አሳዩን። በገዛ እጃቸው አስምረው ሦስት ረድፍ ሠርተዋል፤ የቤት፣ የአገር ውስጥ በረራ፣ የውጭ በረራ። ከላይ በሌላ ሰው እጅ «በቅጹ መሠረት ብቻ ይሞላ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በ2021። መጀመሪያ ያረቀቅሁት ቅጽ እነዚያኑ ሦስት ረድፎች ነበሩት። ዓውደ ጥናቱ ላይ «ረዘመ፣ ሰው አይሞላውም» የሚል አስተያየት መጣ። በአንድ ገጽ እንዲያልቅ ብዬ ሦስቱን አንድ አደረግኋቸው። በአዳራሹ የነበሩት የመምሪያ ኃላፊዎች ነበሩ። ቅጹን በእጁ የሚሞላ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሪፖርቴ ላይ ግን ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ ብዬ ጽፌያለሁ። እዚያ ዴፖ ውስጥ ቆሜ ያቺን የተመለሰች ወረቀት ስይዝ በጣም ነው ያዘንኩት። «ቅጹ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» አልኳቸው። «ይስተካከላል» ብለው ወንበር ሳቡልን።

ሦስት ቀን እዚያው ተቀመጥን። እሳቸው ያነብባሉ፣ ልጅቷ ትጽፋለች፣ እኔ አመሳክራለሁ። የሪፖርቱ ደንብ አቅም ለሚያጥራቸው ታዳጊ አገሮች የየዓመቱን ተከታታይ ቁጥር ከ1990 ይልቅ ከ2020 እንዲጀምሩ ይፈቅዳል፤ ቡድኑም ይህን መርጦ ነበር። የሰውየው መዝገብ ግን ከዚያ በጣም ወደ ኋላ ይሄዳል። አገሪቱ የላትም ያልነው መረጃ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለቀጣዩ ሪፖርት የማሻሻያ ዕቅዱ ላይ አስገባነው።

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ለአቅም ግንባታ የሚሆን ድጋፍ አለ። ከፓሪስ ስምምነት ጋር አብሮ የተወለደ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ በኩል የሚሰጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተባለ ፕሮግራምም አለ። ብዙ አገሮች ተጠቅመውበታል፣ ጥሩ ነገርም ሠርቷል። ነገር ግን እኛ ባለሙያዎቹ አቅምን የምንለካው በተሰብሳቢ ፊርማ ነው። ሪፖርቱ ሲያልቅ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ የሠለጠነው ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል፣ በሁለት ዓመቱ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። መዝጋቢው ግን የትም አልሄዱም። በየቀኑ ቦቴ ይመጣል፣ በየቀኑ ይጽፋሉ።

ሪፖርቱ በቀኑ ገባ። የተስተካከለውን ቁጥር ብቻ አላስቀመጥንም። ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ ማስረጃው የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሁሉ ከፋይሉ ጋር ተጻፈ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አዲስ ሰው ያንን መስመር አይቶ እንዳይደናገር።

አዲሱን ቅጽ ያረቀቀችው ልጅቷ ናት፤ ዴፖው ድረስ ሄዳ ከሰውየው ጋር ተቀምጣ። ሁለት ገጽ ሆነ። ሦስቱ ረድፎች ተመልሰዋል፤ መጨረሻው ላይ «በቅጹ ያልተካተተ ካለ» የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ መጀመሪያ የተመለሰው የእሳቸው ነበር። ባዶው ቦታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «የጦር ሠራዊቱ አውሮፕላኖችም ከዚሁ ጋን ይሞላሉ። እስካሁን ከአገር ውስጥ በረራ ጋር ነው የምጽፈው። ቦታቸው የት ነው?»

ልጅቷ በኢሜይል ልትመልስላቸው ጀመረች። ከዚያ ተወችውና ስልኩን አነሳች።