የመኪና በራችሁ ከወረደ፣ በያጅ ከመጥራታችሁ በፊት

የግቢያችሁ የመኪና በር መሬት መጎተት ከጀመረ መጀመሪያ መጥራት ያለባችሁ ቱንቢ (ቀጥ ማለትን የሚያሳይ ባለ ገመድ ክብደት) ያለው ግንበኛ ነው። በያጁ ይደርሳል። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ቤቴ ጅማ ነው፤ መሬቱ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወርድበት በኩል። በሩ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። አንዱ መዝጊያ 2 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ40 ቁመት አለው። ከላይ እስከ ታች 1.5 ሚሊ ላሜራ ለብሷል። መጀመሪያ የቀኙ መዝጊያ ጫፍ ወረደ። መቀርቀሪያው ቀዳዳውን መሳት ጀመረ። ከዚያ በበልግ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሳው ነፋስ በሩን በርግዶ ወረወረው። የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ በዚያች ቅጽበት በደጃችን እያለፈች ነበር። ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

የመጡት በያጆች ሁሉ "ማጠፊያው አልቋል" አሉኝ። ማጠፊያው ተቀየረ። ክረምቱ ሳይጋመስ በሩ ተመልሶ ወረደ። እውነቱን የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መንገድ ሥራ ላይ ያሳለፉ ጡረተኛ። "ልጄ፣ በሩን ተወው። ኮለኑ ላይ ቱንቢ ጣልበት" አሉኝ። ጣልንበት። ኮለኑ፣ ማለትም በሩ የተሰቀለበት የኮንክሪት ምሰሶ፣ ወደ መግቢያው አዘንብሏል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ2 ሜትር ከ40 ቁመት ላይ 2 ሴንቲ ያዘነበለ ኮለን፣ የዚህን መዝጊያ ጫፍ 1.7 ሴንቲ ገደማ ያወርደዋል። ማጠፊያውን መቶ ጊዜ ብትቀይሩ ይህ አይስተካከልም።

ለምን አዘነበለ? አንደኛ ክብደት። 1.5 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከፍሬሙ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት) ጋር አንዱ መዝጊያ ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። ማጠፊያዎቹ በ1 ሜትር ከ80 ከተራራቁ የላይኛው ሌት ተቀን ኮለኑን በ50 ኪሎ ያህል ኃይል ይስበዋል። ሁለተኛ አፈሩ። እኛ ሰፈር ያለው ጥቁር ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የጅማ ዝናብ ደግሞ የክረምት ብቻ አይደለም፣ በበልግም አይለቅም። በዚያ ላይ የጣሪያችን አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው ኮለኑ እግር ሥር ነበር። ቤቱን የሠራልን ሰው እንደዚያ አድርጎ ነው ያስረከበን።

ስለዚህ ኮለኑ መፍረስ ነበረበት። የተበሳጨሁትም እዚህ ላይ ነው።

ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ልጠይቅ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ "ጥገና ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ሂድና ሥራ" አለኝ። በወረቀት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። "አልኩህ እኮ" ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ግንበኛ ቀጠርኩ። ኮለኑ ፈረሰ፣ መዝጊያው ወርዶ አጥሩን ተደገፈ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ።

ከዚያው ቢሮ ሌላ ሰው መጣ። "አቁሙ! ኮለን ማፍረስ አዲስ ግንባታ ነው። ፕላኑ የታለ?" የፈቀዳችሁልኝ እናንተው ናችሁ ስለው "ማን ነው ያለህ? ስሙን ጥራ" አለኝ። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ስሙን ደረቱ ላይ አልለጠፈ፤ ከየት አምጥቼ ልጥራ?

ከዚያ በኋላ ያለው መመላለስ ነው። የካርታ ኮፒ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ንድፍ አሠራ ተባልኩ፣ አሠራሁ። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲወጣ ስልጠና ሄዷል። ከስልጠና ሲመለስ ሲስተም የለም። እኔ ደጅ ስጠና ዝናቡ አልጠበቀኝም። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ። ሥሩ የተቦረቦረበት የአጥሩ ብሎኬት ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። ባለቤቴና ልጆቼ በቆርቆሮና በባሕር ዛፍ በተዘጋ ግቢ እንዲያድሩ ተገደዱ። የሌሊት ዘበኛ ቀጠርኩ። ደህና የነበረ አጥር የተሰነጠቀው በአንድ ፊርማ ምክንያት ነው። ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

በመጨረሻ ባለሙያ መጣ። ጉድጓዱን ከዳር ቆሞ አየ። "60 ሴንቲ ጥልቀት ይበቃል" ብሎ ፈርሞ ሄደ። ያቺን ፊርማ በመጀመሪያው ቀን መስጠት ይቻል ነበር።

ምክሬ ይኸው። "አያስፈልግም" ቢሏችሁም ማመልከቻ ጻፉ። መዝገብ ቤት አስገቡ። በግልባጩ ላይ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ደግሞም ቁፋሮውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አድርጉት፤ ወረቀቱ ቢዘገይ እንኳ ጉድጓዳችሁ ደረቅ ይሆናል።

60 ሴንቲውንም አልተቀበልኩም። በ60 ሴንቲ ላይ ያለው ያው የሚያብጠው ጥቁር አፈር ነው። ጠንካራ ቀይ አፈር እስክናገኝ ወረድን፤ 1 ሜትር ከ20 ላይ ተገኘ። ጭቃውን ጠርገን ድንጋይ ደለደልን። ከታች 80 በ80 መሠረት፣ ከላይ 30 በ30 ኮለን፣ አራት ባለ 12 ሚሊ ፌሮ፣ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት (ስታፋ) በየ20 ሴንቲው። ማጠፊያው የሚበየድበት ብረት ከሙሌቱ በፊት ከፌሮው ጋር ታሰረ። ይህንን አትዝለሉ፤ በኋላ በቡሎን የሚታሰር ብረት ጊዜ ጠብቆ ይላላል። ሙሌቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር።

በያጁ በሦስተኛው ቀን በሩን ልስቀል አለ። እንቢ አልኩ። ኮንክሪት ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ የሚታሰብለትን ጥንካሬ የሚያገኘው ደግሞ በ28 ቀን ነው። የተጣደፈ ኮለን ላይ 90 ኪሎ አይሰቀልም። የአሸንዳው ውሃ በቱቦ ወደ ቦይ ተወሰደ፣ የኮለኑ ዙሪያም ወደ ውጭ ባዘነበለ ሲሚንቶ ተለሰነ።

በሩ ራሱ ቀላል ነበር። ማጠፊያዎቹን አራራቅን፤ በተራራቁ ቁጥር ስበቱ ይቀንሳል። ባለ ኩሽኔታ (በብረት ኳሶች ላይ የሚዞር) ማጠፊያ አስገባን፣ ግራሶ ጠጣ። ሰያፍ ብረት አልነበረውም፣ ጨመርን። አቅጣጫውን ግን ቆማችሁ አሠሩ። ቱቦላሬ ከሆነ ከታችኛው ማጠፊያ ተነስቶ ወደ ላይኛው የመቀርቀሪያ ጫፍ ይውጣ፤ ክብደቱን ወደ ኮለኑ እግር ይገፋል። ቀጭን ብረት ወይም የሽቦ ገመድ ከሆነ በተቃራኒው ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው ጫፍ ይሁን፤ እሱ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ብየዳው ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ ከወዲያ ወዲህ እየተፈራረቀ ይያዝ። አንድ ጎን ብቻ ከተጋለ ፍሬሙ ይጣመማል።

ነፋሱን በተመለከተ በያጆች "ላሜራውን ወፍራም አድርገው" ይላሉ። አትስሟቸው። ክብደት ይጨምራል፣ ነፋሱን ግን አይቀንሰውም። ሙሉ ላሜራ የለበሰ በር በነፋስ ፊት እንደተዘረጋ ጃንጥላ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ያህል ይጫናል። በአንድ መዝጊያ ላይ 120 ኪሎ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እኔ የላይኛውን 40 ሴንቲ ላሜራ አስቆርጬ ቋሚ ብረት አስበየድኩ። ነፋሱ ማለፊያ አገኘ፣ በሩም ቀለለው። ባለቤቴ ግቢያችን ይታያል ብላ እስካሁን ትከራከረኛለች። ከ2 ሜትር በላይ አንጋጦ የሚያይ መንገደኛ ግን አላየሁም።

መሐል ላይ አግድም ቱቦላሬ ጨመርን፤ ላሜራው እየተንቀጠቀጠ መጮሁን ተወ። ሁለቱም መዝጊያዎች ወደ መሬት የሚገባ መቀርቀሪያ አላቸው። መቀርቀሪያው የሚገባበት ጉድጓድ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ነው፤ ታቹ ክፍት ሆኖ ጠጠር ላይ ያረፈ። ታቹ ከተደፈነ በአንድ ክረምት ጭቃ ይሞላና መቀርቀሪያው አይገባም።

በሩ ተከፍቶ ሲቆም የሚይዘው ሌላ ቀዳዳም በሁለቱም በኩል አሠሩ። ነፋስ የልጅ ጣት የሚቀጠቅጠው፣ የመኪና ጎን የሚጨረግደው በሩ ተከፍቶ ሳለ ነው። ይህን ማንም በያጅ ሳይጠየቅ አይሠራላችሁም። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።