ወተቴ ልጁን ይጎዳው ይሆን?

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ራቅ ባለች ወረዳ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል እሠራለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት እናት ነው። እኔ እጅ ላይ ሆና፣ በራሷ አፍ ነግራኝ፣ ሳልሰማት ያሳለፍኳት እናት ናት። ስሟንም ቀበሌዋንም አልጠራም።

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ቀኑ የክትባት ቀን። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ እናቶቹ ግን ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው ገና በማለዳ ደርሰዋል፣ ኮሪደሩ በእርጥብ ጋቢና በሕፃን ለቅሶ ተሞልቷል። ወደ 40 የሚሆኑ እናቶች ተሰልፈዋል። እኛ ሁለት ነን።

ተራዋ ደረሰና ከአማቷ ጋር ገባች። ልጁ 45 ቀኑ ነው። አማትየዋ ፈታተው ሚዛኑ ላይ አስተኙት። ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበር፣ አሁን 4 ኪሎ ከ600 ሆኗል። «ጎሽ! ወተትሽ ደህና ነው» አልኳት። እንኳን ማርያም ማረችሽም አልኩ። አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

መርፌውን ስወጋው ልጁ ጮኸ። ያን ጊዜ የሆነው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ ሲጮህ ወተቷ ወረደ፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ በሁለት በኩል ረጠበ፣ እርጥበቱም እየሰፋ ሄደ። እሷ ግን ነጠላዋን ሳብ አላደረገችም። እጇን ወደ ልጁ አልዘረጋችም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰሌዳ እያየች ዝም ብላ ቁጭ አለች። ልጁን አቅፈው ያባበሉት አማትየዋ ናቸው።

አየሁ። አይቼም አለፍኩ።

ሊወጡ ሲሉ ዞር ብላ «ሲስተር፣ ወተቴ ልጁን ይጎዳው ይሆን?» አለችኝ። እኔም «ኧረ ምን ይጎዳዋል፣ አጥቢው እንጂ!» ብዬ የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። መዝገቡ ላይ ክብደት ተሞልቷል፣ ክትባት ተሞልቷል፣ ደም መፍሰስ የለም፣ ትኩሳት የለም። ሁሉም ልክ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ሲስተር፣ ያቺ አራስ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥታ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላ ነው ያገኟት። ማጥባትም አቁማለች» አለችኝ። የነሐሴ ወንዝ ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። «አሁኑኑ አምጧት፣ ለአፍታም ብቻዋን አትተዋት» አልኩ።

አማትየዋና ባሏ ይዘዋት መጡ። ባልየው ከአረም ላይ ተጠርቶ ነው የመጣው፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንዱ ዘመድ ብርድ መትቷት ነው ይላል፣ አንዱ ምች ነው ይላል። አማትየዋ ደግሞ ከራስጌዋ ብረት ሳላኖር ለብቻዋ ትቻት ወጥቼ ነው እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። አልተከራከርኳቸውም። ሁሉም የሚናገሩት ጨንቋቸው፣ ወደዋት ነው። ደግሞም አራስ ብቻዋን አትዋል የሚለው የአባቶቻችን ልማድ በእኔም ሙያ ቢሆን ትክክል ነው።

«እማማ፣ እስቲ ካርዷን ከካርድ ክፍል ያምጡልኝ» አልኳቸውና በሩን ዘጋሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስክሪብቶ አላነሳሁም።

«ልጁ ሲተኛ አንቺንስ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አይወስደኝም። ትንፋሹን ስሰማ ነው የሚነጋው።»

«ምግብስ?»

«ገንፎው አፈር አፈር ይለኛል።»

ከዚያ ራሷ ቀጠለች። ሆዴን ባር ባር ይለዋል አለች። ልጁን ስታየው የሌላ ሰው ልጅ ይመስላት ጀምሯል። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ ነው የወለደችው፣ እንደ አገሩ ወግ። ይህን ግን እዚሁ ባሏ ቤት ወለደች፤ ትልቁ ልጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ክረምት ነው፣ እናቷ ሩቅ ናቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ያን ቀን ጠይቄሽ ነበርኮ» አለችኝ። «ኀዘኔ በወተቴ ገብቶ ልጁን ይገድለዋል ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። እጇን እንደያዝኩ ግን አስታውሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ከባዱን ጥያቄ የጠየቅኋት። ብዙ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ይፈራል፣ ያልነበረውን ሐሳብ የምናመጣባት ይመስለናል። አይደለም። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣውም፣ ብቻዋን የተሸከመችውን ያወርድላታል። «አንዳንድ እናት እንዲህ ሲከብዳት መኖርም ያስጠላታል። አንቺስ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይመጣብሻል?» አልኳት። «እኔ ባልኖር ለልጆቼ ይሻላቸዋል እላለሁ» አለችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ልጁንስ ልጎዳው ብለሽ ታውቂያለሽ ብዬም ጠየቅሁ። የለም አለች።

በዚያው ቀን በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ላክናት። ባሏም እናቱም አብረዋት ሄዱ። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አያት፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዳይኖርም ተመረመረች፤ ሁለቱም ሰውነትን እያዛሉ ድባቴ፣ ማለትም የማይለቅ ከባድ ኀዘን (ዲፕሬሽን)፣ ሊመስሉ ይችላሉና። ለሚያጠቡ እናቶች ከሚመረጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሰርትራሊን፣ ታዘዘላት። የምክር ቀጠሮም ተያዘላት።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ቤት ውስጥ አራስ ላላችሁ የሚጠቅም ነገር ልናገር። በወለደች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ ሆድ ብሷት የምታለቅስ፣ ወዲያው ደግሞ የምትስቅ እናት ብዙ ናት። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀ፣ ወይ ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ የምትወደው ምግብ ካስጠላት፣ እኔ ለእናትነት አልሆንም ማለት ካበዛች፣ ያ ድባቴ ነው፤ ይታከማል። ሌላም አለ። ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማት፣ ቃሏ ከተዘበራረቀ፣ ቀናት ሳትተኛ ኃይሏ ካልቀነሰ፣ ወይም ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካወራች እስከ ነገ አትጠብቁ። ያን ሰዓት ውሰዷት፣ ልጁም እሷም አብሯቸው ሰው ይኑር።

የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚይዛቸው ይናገራል። ይህን ቁጥር በትምህርት ቤት ሸምድጄው ነበር። ከአምስቷ አንዷ ገደማ መሆኑ ነው። ያን የነሐሴ ቀን ከፊቴ 40 እናቶች ተሰልፈው ነበር።

መጠየቂያም አለን። በ1987 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የተዘጋጀ፣ ያለፉትን 7 ቀናት የሚጠይቅ፣ 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ተፈትሾ ሠርቷል፤ ገጠር ግን፣ ቡታጅራ ላይ፣ ያን ያህል አልያዘም። እኔ አይገርመኝም። የመጀመሪያው ጥያቄ የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት ችለሽ ነበር ወይ የሚል ነው። በነሐሴ ጭቃ ልጅ አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘች እናት ይህን ምን ብላ ትመልሰው? የእኛ አገር እናት ተከፋሁም ብላ አትነግርህም። ራሴን ያዞረኛል፣ ሰውነቴ ዛለ፣ ልቤ ይሸሻል፣ ወተቴ ልጁን ይጎዳዋል ወይ ብላ ነው የምትነግርህ። አማቷ ፊት ደግሞ ይህንንም አትናገርም፣ እንዴት ብላ ትናገር።

የልጅቱ መዳን ቀስ ያለ ነበር። መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር ሳምንታት ይወስዳል፣ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ረጅም ናቸው። የረዳት ብዙ ነገር ነው። እናቷ ከአገራቸው ተጠርተው መጡና አብረዋት ተኙ። ባሏ ሌሊት ልጁን ማቀፍ ያዘ፤ ስታጠባ እያቀበለ፣ ጠብቶ ሲያበቃ እየተቀበለ፣ እሷ በተከታታይ አራት አምስት ሰዓት እንድትተኛ። ይህን ያዘዘው ባለሙያው ነው፣ እንደ መድኃኒት። አማትየዋ ጸበል ልወስዳት ነው አሉኝ። «ይውሰዷት እማማ፣ ኪኒኗ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ፣ ሆዷም ባዶ እንዳይሆን» አልኳቸው። «እሱንማ እኔ አለሁ» አሉ። እውነትም ኪኒኑን በሰዓቱ ያበሏት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ደህና ስትሆንም በራሷ እንዳታቋርጠው፣ ሲቆም ሐኪም እያየ ቀስ በቀስ እንደሚቆም ለሁሉም ነገርኳቸው።

ለዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት መጣች። ልጁን ያዘለችው ራሷ ናት። መርፌውን ስወጋው ሲጮህ፣ ገና እጄን ሳላነሳ ነጥቃኝ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እንዴት ነሽ?» አልኳትና ጠበቅሁ። «ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ከፍቶኝ ነበር፣ ለእማማ ነገርኳቸው» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ሰልፉ እንደ ድሮው ረጅም ነው። አሁን ከክፍሌ በር ውጭ አግዳሚ አስቀምጫለሁ፣ እናት ይዞ የመጣ ሰው ልጁን አቅፎ እዚያ ይጠብቃል። «ቀጣይ» ከማለቴ በፊት በሩን እዘጋና ልጁ ሲተኛ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ እጠይቃታለሁ።