ሁሉም አለቃ የሆነበት ቤት
ከጦሳ የወረደው ጉም የደሴን መንገድ በሸፈነበት በዛሬው ጠዋት፣ በአራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ የኤምፒአይ ፕሮግራም (ኤምፒአይ ሥራ የተካፈሉ ሂደቶች መልእክት የሚለዋወጡበት መስፈርት ነው) ለማስነሣት ተቀመጥሁ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በርቀት መግቢያው ኤስኤስኤች የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ እንዲያስገባኝ ቁልፎቹን ማዘጋጀቱ ብዙም አላስቸገረኝም። ፕሮግራሙን ሳስነሣው ግን፣ ከ0 እስከ 3 ተቆጥረው መልእክት መለዋወጥ የሚገባቸው ሂደቶች (በሥራ ላይ ያሉ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) አራቱም «ከ1 ሂደት 0ኛው ነኝ» የሚል መስመር ጻፉልኝ፤ 0ኛው አብዛኛውን ጊዜ እንደ አለቃ ነውና፣ ሁሉም አለቃ፣ ምንዝር የሌለበት ቤት ማለት ነው። በኔትወርክ ገመዱ እያሳበብሁ ሁለት ሰዓት አጠፋሁ (ገመዱ ይቅር ይበለኝ)። ለካ ፕሮግራሙን ያዘጋጀሁት ኤምፒች በተባለው የኤምፒአይ ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ፣ ያስነሣሁት ኦፕን ኤምፒአይ በተባለው በሌላው ሶፍትዌር ማስጀመሪያ ኖሯል፤ ሁለቱ አንድ መስፈርት ቢከተሉም፣ ሂደቶቹ ሲነሡ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መንገድ ይለያያል። በኤምፒች በራሱ ማስጀመሪያ ስደግመው 0፣ 2፣ 1፣ 3 እያሉ አቤት አሉ፤ ተራ አለመጠበቃቸው ደግሞ ያለ ነው።