የመጀመሪያው ቢዝነስ ካርዴ

ዛሬ ደስ ብሎኛል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሀበሻ ልብስ ለሚሰፉት ጎረቤታችን ቢዝነስ ካርድ ሠርቼ አሳተምኩላቸው። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ትናንት ማታ ስልኬ ላይ ካንቫ የሚባለውን የዲዛይን መተግበሪያ ከፍቼ ሁሉንም ልጨምር አማረኝ። መርፌ፣ ክር፣ የሚሰፉትን የልብስ ዓይነት በሙሉ። ካርዱ ግን 8.5 በ5.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ በአንድ አወጣሁ። ስም፣ ሥራ፣ ስልክና ብሎክ ቁጥር ብቻ ቀሩ። ከታች አንዲት ቀጭን ጥለት አለች፤ ከራሳቸው ነጠላ ላይ ፎቶ አንስቼ ያመጣኋት።

ጠዋት ማተሚያ ቤት ናሙናውን ሳየው ደነገጥኩ። በ6 ፖይንት የፊደል መጠን የጻፍኩት «ጥልፍ» የሚለው ቃል ላይ «ጥ» ተደፍናለች። ፊደላችን መስመር ይበዛዋል፤ እንግሊዝኛው በሚነበብበት መጠን አማርኛው ይጨናነቃል። ወደ 9 ከፍ አደረግኩት። ስልኬ ላይ የሚያበራው አረንጓዴም ወረቀት ላይ ደብዘዝ አለ። ስክሪን ቀለሙን በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ማተሚያው ግን በአራት ቀለም። ጥለቷን ከካርዱ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፌ እንድስባት የነገረኝ ማተሚያ ቤት የሚሠራው ልጅ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር። ተባረክ ወንድሜ!

ማታ ወስጄ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው ተቀበሉኝ። መነጽር ሳያደርጉ ስማቸውን አነበቡ። ከዚያ ጥለቷን በጣታቸው ዳሰስ አደረጓት።

«ይቺ የኔዋ አይደለችም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።