ፊርማችን ማንን ያስገድዳል?

ስለ አቤቱታና ሕዝበ ውሳኔ ማንበብ የጀመርኩት በጎርፍ ምክንያት ነው። ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ መንገድ አይመርጥም። የሰፈራችን ሰዎች «ቦዩ ይሠራልን ብለን ፊርማ እናሰባስብ» አሉ። እኔ ደግሞ «ከተሰበሰበ በኋላስ?» ብዬ ሕጉን ማገላበጥ ያዝኩ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ላይ፣ ከሰላማዊ ሰልፍ ጎን፣ አቤቱታ የማቅረብ መብትን አስቀምጧል። ስንት ሰው ሲፈርም ምክር ቤት ይነጋገርበታል? አንቀጹ ቁጥር አይጠቅስም።

ሕዝበ ውሳኔ (ሪፈረንደም) ሌላ በር ነው። በአንቀጽ 47 መሠረት ክልል መመሥረት የሚፈልግ ብሔር ጥያቄው መጀመሪያ በራሱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማለፍ አለበት። ከዚያ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ እሱም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ወስኖ፣ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ዓመቱ አልፏል ማለት ነው። ሻፌታ «ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን» ለሚለው፣ ጎጆ ደግሞ «በደቡብ ክልል ሥር ይቆይ» ለሚለው ምልክት ሆነው ቀርበው፣ ሻፌታ 98.5 በመቶ ያህል ድምፅ አገኘ። እዚህ ላይ በሩን የከፈተው የምክር ቤት ድምፅ ነው፣ የተሰበሰበ ፊርማ አይደለም። ለቦይማ በዚህ በር መግባት አይታሰብም!

ስዊዘርላንድን ያነበብኩት በቅናት ነው። እዚያ 100 ሺህ መራጭ በ18 ወር ውስጥ ከፈረመ፣ ሕገ መንግሥት የማሻሻል ሐሳብ ለአገር ድምፅ ይቀርባል። ፓርላማ ያጸደቀውን ሕግ ለመሞገት ደግሞ 50 ሺህ ፊርማ በ100 ቀን ይበቃል። በትንንሾቹ ማዘጋጃ ቤቶች ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ እጁን አውጥቶ በጀት ያጸድቃል፤ ልክ እንደ እድር ጉባኤ። ግን እዚያው አገር ተራ አቤቱታ ብታስገቡ ባለሥልጣኑ ግዴታው ተቀብሎ ማየት ብቻ ነው። ቅናቴ ትንሽ በረደ። ፊርማ ጉልበት የሚያገኘው «ይህን ያህል ከሞላ ድምፅ ይሰጥበታል» የሚል ሕግ ከኋላው ሲኖር ነው።

እኛ ይህ ስለሌለን ወረቀቱን ማጠንከር ነው ያለው። እያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ደግመን ጻፍን፤ ባዶ ገጽ ላይ የተፈረመ ፊርማ ነገ ለሌላ ጉዳይ ሊለጠፍ ይችላል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ጥያቄው አንድ ብቻ። መብራቱንም መንገዱንም እንጨምር ያሉ ነበሩ፣ እኔ አልተስማማሁም፤ ሦስት ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ሦስት ቢሮ ይዞር እንጂ ባለቤት አያገኝም። መዝገብ ቤት ስታስገቡም በእጃችሁ የሚቀረው ግልባጭ ላይ ቁጥርና ቀን ሳይሰፍር እንዳትወጡ። «ደብዳቤው የት ደረሰ?» ለማለት መያዣችሁ እሱ ነው።

አሁን አንቀጽ 12 ላይ ነኝ፤ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይላል። ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ስለሚል ቀጥሎ ወደ አዋጁ እገባለሁ። ቀድማችሁ ያነበባችሁ ካላችሁ አብረን እንየው።