ደረቅ ሲሆን ልክ፣ ሲርስ ውሸት፦ የኤሲዬ ሴንሰር ጉዳይ

መኪናዬን ራሴ መጠገን መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ዘይትና የፍሬን ሸራ መቀየር ነበር ሥራዬ። ኤሲ የነካሁት ዘንድሮ ነው፤ ያውም ቸግሮኝ።

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። የፍጥነት መንገዱ እዚሁ አጠገቤ ስለሚጀምር አዳማ ያለችው እናቴ ጋ ቶሎ ቶሎ እወርዳለሁ። ከኛ ሰፈር ተነስቶ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዳማ ሲወረድ፣ በተለይ በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ገና መንገድ ላይ ነው የሚቀበለው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ስነሳ ኤሲው ቆንጆ አድርጎ ያቀዘቅዛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ስነዳ ግን ነፋሱ እየደከመ ይሄዳል። የቬንቲሌተሩ ድምፅ እንዳለ ነው፤ የሚወጣው ነፋስ ግን ትንፋሽ ታክላለች። አቁሜ ሩብ ሰዓት ስቆይ ከመኪናዋ ሥር ውሃ ይወርዳል፤ ባልዲ የተደፋ ነው የሚመስለው። ከዚያ ነፋሱ ይመለሳል።

ጋራዥ ወሰድኳት። "የኤሲው ጋዝ አልቋል" ተባልኩ፣ አስሞላሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጋዝ ሲያንስም ኤሲው ውስጥ በረዶ ሠርቶ ነፋሱን ሊዘጋ ስለሚችል ግምቱ መሠረት የለውም አልልም። የቆጨኝ ሳይለካ መሞላቱ ነው።

ጎረቤቴ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ኤሌክትሪክ የሠሩ ሰው ናቸው። ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ነፋሱን ተወው" አሉኝ። "ኮምፕረሰሩን ስማው። ቀጭ እያለ ያርፋል?"

"አላስተዋልኩም ጋሼ።"

"እንግዲያው ሂድና አድምጥ።"

ነገሩ ይሄ ነው። ኮምፕረሰሩ የኤሲውን ጋዝ እየጨመቀ የሚያዞር ፓምፕ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተር፣ ማለትም ነፋሱን የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ከወረደ ላዩ ላይ ያለው እርጥበት በረዶ ይሆንና ነፋሱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ይህ እንዳይሆን ከቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ መሃል ትንሽ ሴንሰር ተሰክታለች። ቅዝቃዜ ሲጨምር ሬዚስታንሷ፣ ማለትም በኦም የሚለካው ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሟ፣ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ያንን አንብቦ፣ ዜሮ ሳይደርስ ኮምፕረሰሩን ያሳርፈዋል።

ኮፈኑን ከፍቼ፣ ነፋሱ የሚወጣበት ላይ ቴርሞሜትር ሰክቼ፣ ሞተሩን ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼ 25 ደቂቃ ቆየሁ። 6 ዲግሪ፣ 4፣ 2፣ 1። "ቀጭ" የሚል ነገር የለም። ወደ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ላይ ነጭ አመዳይ ጋገረ። ኮምፕረሰሩ እረፍት የሚባል አያውቅም ማለት ነው።

የኔ መኪና ላይ ሴንሰሯ የምትወጣው የተሳፋሪውን ኪስ በካቻቪቴ ፈትቶ ነው፤ የጋዝ መስመር አይነካም። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኳት። ጠዋት፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ፣ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካት 1.7 ኪሎ ኦም። ልክ ነው። "ሴንሰሯ ደህና ናት" ብዬ መልሼ ገጠምኳት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሪሌና ሽቦ ሳሳድድ ከረምኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፦ የለካኋት በሞቀና በደረቀ ቦታ ነው፤ የምትሠራው ግን በቀዘቀዘና በረጠበ ቦታ ነው።

እንደገና አወጣኋት። ብርጭቆ ውስጥ የተከሰከሰ በረዶና ትንሽ ውሃ አደረግሁ። በረዶና ውሃ አብረው እስካሉ ድረስ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ከፍታ አይቀይረውም። የፈላ ውሃን መለኪያ ማድረግ ግን እኛ ጋ አይሆንም። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ሳይደርስ፣ 92 እና 93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው።

ሴንሰሯን ነከርኳት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና 4 ኪሎ ኦምን አለፈ። ከዚያ ዓይኔ እያየ መውረድ ጀመረ። 3.6፣ 3.1፣ 2.6 ላይ ቆመ። በረዶው እንዳለ ነው። አውጥቼ አደረቅኋት፣ በቀጭን ፌስታል ጠቅልዬ አሁንም ከተትኳት። 4.7! ውሃ ሳይነካት እውነቱን ትናገራለች፤ ስትርስ ትዋሻለች። ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳያት ጫፏን የሸፈነው ፕላስቲክ ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። ውሃ በእሷ ይገባና ለኤሌክትሪኩ አቋራጭ መንገድ ይሆነዋል።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ፌስታሏን ሁለት ጊዜ አስገብተው አስወጡና "ይሄን እኔም አላሰብኩትም" አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄድኩት መልቲሜትሬን ይዤ ነው። አጠገቡ ካለ ጁስ ቤት በረዶ ለምኜ፣ ሻጩ ፊት ሦስት ያገለገሉ ሴንሰሮችን ፈተንኩ። አንዷ እንደ እኔዋ ወረደች። የገዛኋት ግን አምስት ደቂቃ ተነክራ 4.8 ላይ ንቅንቅ አላለችም። ሻጩ መጀመሪያ ተበሳጭቶ ነበር። በኋላ ግን አጎንብሶ ቁጥሩን አብሮኝ ሲያይ ነበር።

ቤት ስገባ በረዶው ቀስ እያለ ሲቀልጥ ቴርሞሜትሩንና ኦሙን ጎን ለጎን ደብተር ላይ ጻፍኩ። አዲሷ 2.6 ያሳየችው 13 ዲግሪ ላይ ነው። ያኔ ገባኝ። ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሲጋግር ኮምፒውተሩ 13 ዲግሪ ነው ብሎ ያምን ነበር። ለምን ያሳርፈው?

ስትገጥሟት የድሮው ቀዳዳ ውስጥ፣ በድሮው ጥልቀት መልሷት። ቅጠሎቹ በቀላሉ ይጣመማሉ፤ አትግፉ። የሶኬቱንም አረንጓዴ ዝገት አጽዱ።

እሁድ አዳማ ወረድኩ። ቴርሞሜትሩ 4 ሲደርስ ቀጭ፣ 7 ሲደርስ ቀጭ፣ እስከ ክፍያ ጣቢያው እንዲሁ። ነፋሱ አልደከመም። እናቴ በር ላይ አቁሜ የመኪናዋን ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው፤ እንደ ማንኛውም ደህና ኤሲ።