ሻንጣው 7 ኪሎ፣ አገሩ አህጉር

አውስትራሊያ ኢትዮጵያን ሰባት እጥፍ ገደማ ታክላለች። ይህን ቁጥር መስማት ሌላ፣ ትኬት ለመቁረጥ መንገዱን ማስላት ሌላ። ከሰሜኑ ከተማ ከዳርዊን መሃል አገር እስካለችው አሊስ ስፕሪንግስ 1,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ መቀሌ ሄዶ መመለስ በሉት፤ ያውም በመሃል ከተማ የሚባለው ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። አገሩን የሚዞረው ሀይዌይ 1 የሚሉት መንገድ ደግሞ ከ14,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዕረፍቴም ገንዘቤም ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ብቻዬን በጀርባ ሻንጣ ልዞራት ገና እቅድ ሳወጣ ምዕራቡን ጠቅልዬ ሰረዝኩት። ፐርዝ ትቆየኝ።

የቀረውን መንገድ የወሰነልኝ ወቅቱ ነው። «እዚያ እኮ ሐምሌ ክረምት ነው» እያሉ ያስፈራሩኝ ነበር። ሐምሌ ለኛም ክረምት ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው? ማወቅ ያለባችሁ የሰሜኑን ጠባይ ነው። ዳርዊንና ኬርንስ አካባቢ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናቡ አይጣል ነው። መንገድ በጎርፍ ይዘጋል፤ ባሕሩም ውስጥ ሰው የሚገድል ጄሊፊሽ አለ። ከግንቦት በኋላ ግን ሰማዩ ይጠራል። ደቡቡ ሲበርድ ሰሜኑ ያምርበታል። እኔም ግንቦት ላይ ሜልቦርን ልግባ አልኩ። ከዚያ ሲድኒ፣ የምሥራቁን ዳርቻ ይዤ ኬርንስ፣ ከኬርንስ በአውሮፕላን ዳርዊን፣ ከዳርዊን በረሃውን አቋርጬ አሊስ ስፕሪንግስ፣ በመጨረሻ አደላይድ። ከአደላይድ ዳርዊን የሚሄድ ጋን የሚባል ዝነኛ ባቡር አለ። ስሙ ድሮ በግመል ዕቃ ያመላልሱ ከነበሩት አፍጋኖች የመጣ ነው ይባላል። ዋጋውን አየሁና ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

ቪዛው ለኛ ፓስፖርት ቀላል አይደለም። የሌላ አገር ወጣቶች እየሠሩ የሚዞሩበት ቪዛ አላቸው፤ ኢትዮጵያ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ለኛ ያለው የጎብኚ ቪዛ ነው፤ ቁጥሩ 600። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል። የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የጉዞ እቅድ ታያይዛላችሁ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ተተርጉሞ ይቀርባል። ዋናው ጉዳይ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም ነው። ያላገባች ሴት፣ ያውም ብቻዋን! ስለዚህ የዕረፍት ፈቃዴና ወደ ሥራ የምመለስበት ቀን በግልጽ የተጻፈበት ደብዳቤ ከባንኩ ወረቀት የማይተናነስ ክብደት እንዳለው ገምቼ ነው ያስጻፍኩት። ሲፈቀድ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም፤ መልሱ በኢሜይል ይመጣል። እሱን ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ። ቦሌ ላይ አንዱ ፓስፖርቴን ከዳር እስከ ዳር ገልጦ «ቪዛሽ የታለ?» አለኝ። ወረቀቷ ገላገለችኝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር አስሩት፤ ከኛ አገር የሚሄድ ሰው ይጠየቃል።

ወደ ሻንጣው ልምጣ። እዚያ ርካሹ የአገር ውስጥ በረራ በእጅ የሚያስይዘው 7 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው ይከፈላል። እኔ ደግሞ ለካልሲ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም። ስለዚህ የኩሽና ሚዛን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የሸከፍኩት። የጀርባ ሻንጣው 40 ሊትር፣ ባዶውን አንድ ኪሎ ከምናምን። ሦስት ቲሸርት፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ሆስቴል ውስጥ፣ ማለትም ብዙ ሰው አንድ ክፍል ተጋርቶ በሚያድርበት ርካሽ ማረፊያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ ከዚያ በላይ ልብስ መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ስሊፒንግ ባግ ልግዛ ብዬ ነበር፤ ብዙ ሆስቴሎች ትኋን ፈርተው እንደማያስገቡት ሳነብ ተውኩት። አንሶላ እነሱ ይሰጣሉ።

እናቴ ጋቢ ካልያዝሽ ብላ አስጨነቀችኝ። ሚዛን ላይ አወጣሁት። ብቻውን የሻንጣዬን ሩብ ሊበላ! «በብርድ ከምትሞች ይክበድሽ» አለች። በነጠላ ተስማማን። በጉዞው ሁሉ ከነጠላዬ በላይ የጠቀመኝ ዕቃ የለም። በሌሊት አውቶቡስ ብርድ ልብስ፣ በባሕሩ ዳር ጥላ፣ ሆስቴል ውስጥ የታችኛው አልጋ መጋረጃ። በረሃው መሃል ላለው ግዙፍ ቀይ ድንጋይ፣ ለኡሉሩ፣ ግን የሱፍ ኮፍያ ጨመርኩ። በረሃ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ሐምሌ ላይ ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ድንጋዩን መውጣት በባለቤቶቹ በአናንጉ ሕዝብ ጥያቄ ከጥቅምት 2019 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ተከልክሏል። እግሩን ዞሮ ማየት ግን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእሱ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል።

ሶኬታቸው ከኛ ጋር አይገጥምም። እግሮቹ ጠፍጣፋና የተንጋደዱ ናቸው። አዳፕተር ያዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት አይገባም። ሲም እዚያው ይገዛል። ከከተማ ለሚወጣ ሰው ሰፊ ሽፋን ያለው ቴልስትራ ነው። የፀሐይ ክሬም ግን ለጥቁር ቆዳ ምን ያደርጋል የሚለውን ወሬ አትስሙ። እዚያ ያለው ፀሐይ ቀልድ አያውቅም፤ በየሱፐርማርኬቱ 50+ የሚለውን ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ምግቡ። ለመሄድ ሳምንት ሲቀረኝ እናቴ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤና ጥሬ ቡና ደርድራ ጠበቀችኝ። አውስትራሊያ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ የሌለባት አገር ናት፤ ከብቱና በጉ ደግሞ ሀብቷ ነው። ስለዚህ የቤት ቋንጣና ቅቤ ከኛ አገር ይዞ መግባት አይቻልም። ጥሬ ቡናም እንደዚያው። የተቆላ ግን ይገባል። ማንኛውንም ምግብ የያዘ ሰው፣ ቅመምም ቢሆን፣ መግቢያው ላይ በሚሞላው ቅጽ አዎ ብሎ ማሳወቅ አለበት። ደብቆ የተገኘ በብዙ ሺህ ዶላር ሊቀጣ፣ ቪዛውም ሊሰረዝ ይችላል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራት እናቴ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ቆልታችሁ አምጡ ማለታቸው ነዋ» አለች። በዚያው ምሽት ቆልታ ወቅጣ ጨረሰችው። ሽሮውን ራሴ አስቀረሁት፤ የሜልቦርኗ ፉትስክሬይ ሰፈር እንጀራውም ሽሮውም በርበሬውም አለ። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያያችሁበት በር ሁሉ ይጠራችኋል።

መግቢያው ላይ የተራራ ጫማም ይፈተሻል። አፈር ይዞ ዘርና በሽታ እንዳያስገባ ነው። ግቢያችን ቧንቧ ሥር ተቀምጬ የእንጦጦን ጭቃ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከእያንዳንዱ ስንጥቅ ፈለቀቅሁት። ሜልቦርን ኤርፖርት ላይ የኳራንቲን ሠራተኛዋ ጫማውን ገልብጣ በአውራ ጣቷ ሶሉን ዳሰሰች። ጣቷን አየችው። ንጹሕ ነው። ቀጥላ የቡናውን ፌስታል ከፈተች። «ተቆልቷል?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። መጠየቋ ለደንቡ ነው እንጂ ሽታው ቀድሞ ነግሯታል። አሳለፈችኝ።

ሻንጣው የተፈተነው ኬርንስ ላይ ነው፤ የዳርዊን በረራ። እስከዚያ ድረስ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ፎጣና ለእናቴ የገዛሁት ሻርፕ ተጨምረዋል። ሚዛኑ 8 ኪሎ ተኩል አለ። ከሰልፉ ወጣሁ። ሹራቡን ለበስኩ፣ ጃኬቱን ደረብኩበት፣ የሱፍ ኮፍያዬን አጠለቅሁ፣ መጽሐፉን አንዱ ኪስ፣ ካልሲውን ሌላው ኪስ። ውጪ 26 ዲግሪ ነው። ላቤ እየወረደ ስመለስ ከፊቴ ያለው ጀርመናዊ ልጅ ሁለት ሱሪ ደርቦ፣ ቡት ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ተያየን፣ ማንም ምንም አላለም። የኔ 6.9 መጣ።